ያልተመረመረው ቀይ ሥጋ

የምሠራው የበሬ ሥጋ ናሙና ተቀብሎ ጎጂ ባክቴሪያ በሚፈልግ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የምኖረው ደግሞ ኮሎራዶ ግዛት፣ አውሮራ ከተማ፣ ሐበሻው በርከት፣ ክትፎውም በዚያው ልክ በርከት ያለበት ቦታ ነው። ሥራዬን የሰማ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቀኝ አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ «እንግዲያው የዚህ አገር ሥጋ ለጥሬ ይሆናል ማለት ነው?» ብዙዎቹ መልሱን በልባቸው ይዘው ነው የሚጠይቁት። አሜሪካኖቹ ሥጋውን ይመረምራሉ፣ ማህተም ይመቱበታል፣ የታመመ ሰው ቢገኝ ካሳው አያድርስ ነው፤ ስለዚህ እዚህ የሚበላው ክትፎ ከአዲስ አበባው ይልቅ ያስተማምናል የሚል ስሌት ነው።

ስሌቱ ቀዳዳ አለበት። ምርመራው አለ፣ ጥብቅም ነው፤ እንጀራዬም እሱ ነው። ነገር ግን ለእኛ ክትፎ የሚሆነው ሥጋ ብዙውን ጊዜ በዚያ ምርመራ በኩል አያልፍም። ይህን በግብዣ ላይ፣ ሰው እየጎረሰ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ስላልሆነልኝ ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው ተነሣሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1993 መግቢያ ላይ በሲያትልና በአካባቢዋ ሆስፒታሎች ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት በብዛት መምጣት ጀመሩ። ምንጩ ሲጣራ ጃክ ኢን ዘ ቦክስ የተባለው የፈጣን ምግብ ድርጅት ቅርንጫፎች ይሸጡት የነበረ፣ በሚገባ ያልበሰለ ሀምበርገር ሆኖ ተገኘ። በአራት ግዛቶች ከ700 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ አራት ሕፃናት ሞቱ። የዋሽንግተን ግዛት ደንብ ሀምበርገሩ ውስጡ 68 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስኪደርስ እንዲበስል ያዝዝ ነበር፤ የፌዴራሉ መመሪያ ግን 60 ይበቃል ይላል፤ ድርጅቱም የፌዴራሉን ነበር የተከተለው። ስምንት ዲግሪ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ገዳዩ ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባለው ባክቴሪያ ነው። ኢ. ኮላይ በአብዛኛው ሰላማዊ ፍጥረት ነው፤ በእኔም በእናንተም አንጀት ውስጥ አሁን እየኖረ ነው። ይህኛው ዝርያ ግን ሺጋ የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ የአንጀትን ግድግዳ ያቆስልና ወደ ደም ገብቶ የኩላሊትን ጥቃቅን ደም ሥሮች ያጠቃል። በዚህ ባክቴሪያ ከሚታመሙ ሕፃናት መካከል ከመቶ ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ኩላሊታቸው ሥራ እስከ ማቆም ይደርሳል። ለመታመም የሚያስፈልገው መጠን ከመቶ ባክቴሪያ በታች ነው፤ በመርፌ ጫፍ ላይ እንኳ የማይታይ። በሬው ግን አይታመምም። አንጀቱ ውስጥ መርዙ የሚይዘው ቦታ ስለሌለው ባክቴሪያውን ተሸክሞ ሲግጥ፣ ሲወፍር፣ በእበቱ ሲበትን ይኖራል። ቄራ በር ላይ የቆመ የእንስሳት ሐኪም ቢያየው ጤነኛ፣ የሚያምር ሰንጋ ነው። ለቁጥጥሩ ከባዱም ነገር ይኸው ነው።

የአሜሪካ የሥጋ ምርመራ ሕግ ከ1906 ጀምሮ የነበረ ነው፤ ነገር ግን እስከዚያ ወረርሽኝ ድረስ መርማሪው የሚሠራው በዓይኑ፣ በእጁና በአፍንጫው ነበር። እብጠት ይዳስሳል፣ ንፍፊት ይሰነጥቃል፣ ጉበት ይገለብጣል። ባክቴሪያ በጥሬ ሥጋ ላይ መኖሩ የተፈጥሮ ነገር ነው፣ ማብሰል የገዢው ኃላፊነት ነው የሚለው አስተሳሰብ ገዢ ነበር። በመስከረም 1994 ግን የግብርና መሥሪያ ቤቱ የምግብ ደኅንነትና ቁጥጥር አገልግሎት ኃላፊ የነበረው ማይክል ቴይለር የሥጋ ኢንዱስትሪው ሰዎች በተሰበሰቡበት ቆሞ፣ ከእንግዲህ ኦ157 የተገኘበት የተፈጨ ጥሬ ሥጋ በሕግ ፊት የተበከለ ምግብ ነው፣ አይሸጥም አለ። ሰውዬው ጠበቃ ነበር፤ የሚናገረውን ያውቃል። የኢንዱስትሪው ወገኖች ቴክሳስ ውስጥ መሥሪያ ቤቱን ከሰሱ፤ ተረቱ። በ1996 ደግሞ እያንዳንዱ ቄራና ሥጋ ማቀነባበሪያ አደጋ ሊፈጠር የሚችልባቸውን ቦታዎች ራሱ ለይቶ፣ እየለካ፣ እየመዘገበ እንዲሠራ የሚያስገድደው ደንብ ወጣ። በ2012 የኦ157 ዘመዶች የሆኑ ስድስት ሌሎች ዝርያዎች ተጨመሩ።

በቴይለር ንግግር ውስጥ ያለችውን አንዲት ቃል ልብ በሉልኝ፤ «የተፈጨ»። ክትፎውን የምትነካው እሷ ናት፤ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ባክቴሪያው ሥጋው ላይ እንዴት እንደሚወጣ። የጤነኛ በሬ ጡንቻ ውስጡ ንጹሕ ነው። ብክለቱ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ዋናው በር ቆዳው ነው። በማጎሪያው እበት ላይ ተኝቶ የመጣ በሬ ሆዱና ጭኑ ላይ እበት ደርቆበታል። ገፋፊው መጀመሪያ ሲሰነጥቅ ቢላዋው ቆዳውን ከውጭ ወደ ውስጥ ከወጋ፣ ስለቱ ጸጉሩን ነክቶ ሥጋውን ነካ ማለት ነው። ስለዚህ ጎበዝ ገፋፊ መጀመሪያ ትንሽ ቀዳዳ ይከፍትና ቢላዋውን ያመክናል፤ ከዚያ ስለቱን ወደ ውጭ አዙሮ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሰነጥቃል። ከአጠገቡ 82 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ያለበት ማምከኛ አለ፤ ሁለት ቢላዋ ይይዛል፣ አንዱ እየሠራ አንዱ ውሃው ውስጥ ይቆያል። ቆዳውን የያዘ እጅ ሥጋውን አይነካም። ሁለተኛው በር ሆድ ዕቃው ነው፤ ፊንጢጣው ተከርክሞ በፕላስቲክ ከረጢት ይታሰራል፣ ጉሮሮውም እንዲሁ ይታሰራል፣ ፈርስ እንዳይፈስ። ከዚያ የሙቅ ውሃ ወይም የእንፋሎት መታጠቢያ አለ፣ የላክቲክ አሲድ ርጭት አለ። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ከምሠራው ሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያድነው ያ የገፋፊው የእጅ አዟዟር ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ የማየው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ናሙናው ወደ እኛ የሚመጣው በበረዶ ጥቅል ታጭቆ ነው። ለመፍጨት የሚውለው ብጥስጣሽ፣ ብልቶቹ ሲከረከሙ የሚተርፈው ሥጋ፣ በትላልቅ ሳጥኖች ይጫናል፤ አንዱ ሳጥን ወደ 900 ኪሎ ይይዛል። አንድ ጭነት ብዙ ጊዜ አምስት ሳጥን ነው። ናሙና ወሳጁ ከእያንዳንዱ ሳጥን አሥራ ሁለት፣ በጠቅላላው ስድሳ ስስ ቁራጭ ከሥጋው ገጽ ላይ ይላጣል። ገጹ ላይ ነው ችግሩ ያለው፤ መሐሉን ቆርጦ ቢያመጣ ንጹሕ ሥጋ መርምሮ ደስ መሰኘት ብቻ ይሆናል። በአሁኑ ጊዜ መላጡን ትተው ሥጋውን በተለየ ጨርቅ አሽተው ጨርቁን የሚልኩም አሉ።

ከስድሳው ቁራጭ የሚወሰደው 325 ግራም ሥጋ ከረጢት ውስጥ እያለ 975 ሚሊ ሊትር ባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ ይጨመርበትና 42 ዲግሪ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ከ15 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። የፈለግነው ነገር አንድ እንኳ ቢኖር ተራብቶ ሚሊዮኖች እንዲሆን ነው። ሲወጣ ፈሳሹ ደፍርሶ፣ የሥጋው ቀለም ገርጥቶ፣ ክዳኑ ሲከፈት ያደረ መረቅ የሚመስል ከባድ ሽታ አለው፤ ሰው ይለምደዋል ይላሉ፣ እኔ አልለመድሁትም። ከዚያ ከኮቪድ ወዲህ ሁሉም ሰው ስሙን የሚያውቀው ፒ.ሲ.አር. የመርዙን ዘረ መል ይፈልጋል። ካገኘ ገና ጥርጣሬ ነው። ባክቴሪያውን ለይቶ የሚይዝ መግነጢሳዊ ቅንጣት ተጨምሮ ይጠመዳል፤ ከዚያ የባክቴሪያ ምግብ በተዘረጋበት ሳህን ላይ ይዘራል። ቀድሞ የተማርንበት ሳህን ሶርቢቶል የተባለ ስኳር ያለበት ነበር፤ አብዛኛው ኢ. ኮላይ ስኳሩን በልቶ ሮዝ ይሆናል፣ ኦ157 ግን ስለማይበላው ቀለም አልባ ሆኖ ይቀራል። በሮዝ ነጠብጣቦች መካከል ግራጫ፣ ምንም የማያምር ነጥብ። መጀመሪያ ጊዜ ያየ ተማሪ የሞተ የባክቴሪያ ክምር መስሎት ያልፈዋል። ውጤቱ እስኪረጋገጥ ሥጋው ከፋብሪካው እጅ አይወጣም፤ ይህ ከ2013 ወዲህ ግዴታ ነው። ከዚያ በፊት ሥጋው ተጭኖ ከሄደ በኋላ «ተገኝቷል» የሚል ስልክ ይደወል ነበርና መልሶ መሰብሰቡ ከባድ ነበር።

እዚህ ላይ ሰዎች የማይወዱትን ሂሳብ ልናገር። ከጭነቱ ገጽ 5 በመቶው የተበከለ ከሆነ፣ ከስድሳው ቁራጭ ቢያንስ አንዱ የተበከለውን የመንካት ዕድሉ 95 በመቶ ነው። ብክለቱ 1 በመቶ ከሆነ ዕድሉ ወደ 45 ይወርዳል። ከሺህ አንድ ከሆነ 6 በመቶ አይሞላም። ከኩንታል ጤፍ ስድሳ ቁንጥር ወስዶ ጠጠር እንደ መፈለግ ነው፤ ጠጠር ከበዛ ይገኛል፣ ሁለት ሦስት ጠጠር ብቻ ከሆነ ጥርስ ላይ እስኪመጣ አይታወቅም። ስለዚህ እኔ «አልተገኘም» ብዬ ስፈርም የምናገረው ስለ ቄራው የዚያን ቀን ሥራ ነው፤ ገፋፊዎቹ በደንብ ሠርተዋል፣ ነገሩ ከቁጥጥር አልወጣም እያልሁ ነው። የእያንዳንዱን ጉርሻ ንጽሕና መመስከር ከዚህ ወረቀት አይጠበቅም። ቀሪው ነገር የሚጠናቀቀው ምድጃ ላይ ነው ተብሎ ታስቦ ነው፤ ለተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ።

አሁን ወደ «የተፈጨ» እንመለስ። ሙሉ ሥጋ፣ ለምሳሌ አንድ ወጥ የታፋ ብልት፣ ባክቴሪያው ያለው ገጹ ላይ ብቻ ነው፤ ስቴክ ሲጠበስ ገጹ ይቃጠላል፣ ውስጡ ቀይ ቢሆንም ችግር የለም። ሲፈጭ ግን ገጹ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በ1999 ባወጣው ማብራሪያ ሕጉን በሥጋው አጠቃቀም ከፈለው። ሊፈጭ የታሰበ ሥጋ ላይ ኦ157 ከተገኘ የተበከለ ነው፤ ሳይፈጭ፣ ሳይወጋ፣ እንዳለ ሊበላ የታሰበ ሙሉ ብልት ላይ ከሆነ ግን አይደለም። ያው ባክቴሪያ፣ ያው በሬ፤ ልዩነቱ ሥጋው ለምን ተብሎ እንደተሸጠ ነው። ለስቴክ በላ አገር ይህ ምክንያታዊ ነው፤ አልቃወመውም።

ግን የሐበሻ ሥጋ ቤት ምን ይገዛል? የሱቅ የተፈጨ ሥጋ ለክትፎ የሚገዛ የለም፤ ነውር ነው፣ ስቡ ይበዛል፣ ጣዕሙም ሌላ ነው። ጅማቱ የወጣለት፣ ሞራ የሌለው ቀይ ሥጋ፣ ሙሉ ብልት ነው የሚፈለገው። ያ ብልት ከፋብሪካው ሲወጣ ለስቴክና ለጥብስ ተብሎ ስለሆነ በኦ157 ምርመራ ካለፈው ብጥስጣሽ ውስጥ የለበትም። እኛ ቤት ሲደርስ በቢላዋ ይከተከታል፤ ገጹ ከውስጡ ጋር ይቀላቀላል፤ ያም ሳይበስል ይበላል። የአሜሪካ ሕግ ሁለት አጥር ሠርቷል፤ አንደኛው የሚፈጨውን መመርመር፣ ሁለተኛው ሙሉውን ገጹን መጥበስ። ክትፎ በሁለቱ አጥሮች መካከል ባለው ክፍተት ሹልክ ብሎ ያልፋል። ውድና ምርጥ ሥጋ በገዛን ቁጥር ከተመረመረው እየራቅን ነው የምንሄደው። ቁርጥ እንኳ ከክትፎ ይሻላል፤ ቢያንስ የተነካካው ገጹ ነው፣ እሱም የቆራጩ ቢላዋ ንጹሕ ከሆነ።

ይህን ለአንድ የሥጋ ቤት ባለቤት አውርቼ አውቃለሁ። ጋሼ የምላቸው፣ ሥጋ ሲያወጡ እጃቸው የሚያስቀና ሰው ናቸው። «ልጄ፣ የእኔ ሥጋ የመንግሥት ማህተም አለበት» አሉኝ።

«አለበት ጋሼ። ማህተሙ ግን በሬው ጤነኛ ነበር፣ ሥጋው ላይ የሚታይ እበት የለም ነው የሚለው።»

«አባቶቻችን ሲበሉ ኖረው የለ እንዴ?»

ይህ ጥያቄ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። አባቶቻችን የበሉት ያን ጠዋት የታረደ፣ ከአንድ በሬ የተቆረጠ ሥጋ ነው። እዚህ አገር የተፈጨ ሥጋ የብዙ ከብት ቅልቅል ነው፤ አንድ የተበከለ ጭነት አምስት ግዛት ይደርሳል። በዚህ ጋሼ ትክክል ናቸው። ግን አባቶቻችን ሲታመሙም ኖረዋል። ሥጋ የሚያመጣው ጣጣ በእኛ ዘንድ የታወቀው ኮሶ ነበር፤ ለእሱም መድኃኒቱ ከዛፉ ተቀጥፎ፣ ተወቅጦ፣ በየጊዜው ይጠጣ ነበር። የቄራ መርማሪውም መንጋጋውን፣ ምላሱንና ልቡን የሚሰነጥቀው የኮሶውን ዕንቁላል መሰል ከረጢት ፍለጋ ነው፤ አባሰንጋም በዓይን የሚጠረጠር ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ግን «አሜባ ነው» ይባልና ከመድኃኒት ቤት ክኒን ተገዝቶ ያበቃል፤ ከሳምንት በኋላ ልጁ ሽንቱ ቢያንስ፣ ፊቱ ቢያብጥ፣ ከቅዳሜው ክትፎ ጋር የሚያገናኘው ማን ነው? በነገራችን ላይ ኦ157 በሚጠረጠርበት ጊዜ ሐኪሞች ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለመስጠት የሚያመነቱት ኩላሊቱን ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል በሚል ስጋት ነው።

ባክቴሪያውም እኛ ጋ የለም ማለት አይቻልም። በ2008 የታተመ በቢሾፍቱና በሞጆ የተደረገ ጥናት ይህንኑ ኦ157 በበሬም፣ በበግም፣ በፍየልም ጥሬ ሥጋ ላይ አግኝቶታል፤ በበሬ ሥጋ የበለጠ ነበር፣ ከናሙናዎቹ ወደ 8 በመቶው። ቅርጫ ላይ፣ ቆዳው ራሱ ምንጣፍ ሆኖ ሥጋው በላዩ ሲመደብ ላየ ሰው ቁጥሩ ብዙም አያስደንቅም።

ሚጥሚጣው፣ ሰናፍጩ፣ ከኋላ የምትከተለው አረቄ፣ የተነጠረው ቅቤ ይገድለዋል የሚሉኝም አሉ። አረቄው ሥጋው ውስጥ ገብቶ፣ ከሆድ ዕቃ ጭማቂ ጋር ተቀላቅሎ ምንም የሚገድል ኃይል አይቀረውም። ለብ ያለ ቅቤ ደግሞ ለባክቴሪያው ምቾት ነው። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎም ምጣዱን የነካው ክፍሉ እንጂ መሐሉ 71 ዲግሪ አይቀርበውም፤ ከቀረበውማ ክትፎ መሆኑ ቀርቷል።

ጋሼን ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ መዝገቡ። ሱቁ ውስጥ ሥጋ የሚፈጭ ሁሉ ከየትኛው አቅራቢ፣ የትኛውን ጭነት፣ በስንት ሰዓት እንደፈጨ፣ ማሽኑ መቼ እንደታጠበ እንዲመዘግብ የሚያስገድድ ደንብ ከ2016 ጀምሮ አለ። ሰው ሲታመም መርማሪዎቹ ከታማሚው የተገኘውን ባክቴሪያ ዘረ መል ከሌሎች ታማሚዎችና ከሥጋ ናሙናዎች ጋር ያመሳስላሉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተከትለው ሱቁ ይደርሳሉ። መዝገብ ያለው ሱቅ «ይኸውና፣ ከዚህ ፋብሪካ ነው የመጣው» ይላል። መዝገብ የሌለው ሱቅ ብቻውን ይቀራል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ደብተር ገዙ፤ ክትፎ በቢላዋ የሚከተፈውን ጭምር ይጽፉበታል፣ ደንቡ ያን ይጠይቅ አይጠይቅ ሳንጣላበት።

ሌላውን ነገር ግን ገና እየተሟገትንበት ነው። በእንግሊዝ አገር ጥሬ ወይም ቀይ የተፈጨ ሥጋ ለሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች ባለሥልጣኑ የሚቀበለው አንድ ዘዴ አለ፤ ሙሉውን ብልት ከሁሉም ጎኑ በኃይለኛ እሳት ገጹን መጥበስ፣ የተጠበሰውን ልጣጭ በንጹሕ ቢላዋ መላጥ፣ በሌላ ንጹሕ መክተፊያና በሌላ ቢላዋ መሐሉን መክተፍ። እኔ ቤቴ የማደርገው ይህንን ነው፤ እንግዶቼ ልዩነቱን አላወቁትም፣ ቀለሙም ያው ነው። አደጋውን ፈጽሞ አያጠፋውም፣ ግን ችግሩ ያለበትን ቦታ ነው የሚቆርጠው። ለልጆችና ለእርጉዝ ግን ይህንንም አላቀርብም፤ ለእነሱ ጥብስ አለ።

ጋሼ ዘዴውን በጥሞና ሰምተው፣ አንድ ታፋ አውጥተው ሚዛን ላይ አስቀመጡ። ገጹን በጣታቸው እየለኩ፣ «ይህን ያህል ከዚህ፣ ይህን ያህል ከዚህ» እያሉ አሰሉ። «ከአሥር ፓውንድ ሁለቱ ሊሄድብኝ ነው» አሉ። ልጣጩ ለወጥና ለጥብስ ይሆናል አልኋቸው። የጥብስና የክትፎ ዋጋ አንድ አለመሆኑን አስታወሱኝ። ልጣጩን ሳሳ አድርጎ ማውጣት እንደሚቻል ነገርኋቸው፤ በእሳቸው እጅ ደግሞ ይቻላል። ከፋሲካ በፊት በትንሹ ሊሞክሩት ተስማምተዋል፤ ዋጋውን በፓውንድ ስንት እንደሚጨምሩ ግን ገና አልነገሩኝም።